ባቡሩን የሚያስቆመው ቁጥር

38፣ 103፣ 253። ሦስቱም በአንድ ምሽት ከአንድ ፉርጎ ኩሽኔታ (የአክስሉ ጫፍ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ላይ የተነበቡ ሙቀቶች ናቸው፤ ኩሽኔታው በዙሪያው ካለው አየር በስንት ዲግሪ ፋረንሃይት እንደበለጠ ይናገራሉ። ቀኑ ፌብሩወሪ 3፣ 2023 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ቦታው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኢስት ፓለስታይን ከተማ የሚያልፈው መስመር ነው። ባቡሩ 149 ፉርጎ አስከትሏል። የታመመው ኩሽኔታ 23ኛው ፉርጎ ሥር ነበር፤ ፉርጎው የጫነው ደግሞ የፕላስቲክ ፍሬ ነው፣ ማንም የሚፈራው ጭነት አይደለም። በሦስተኛው ንባብ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ነጂው ባቡሩን ለማቆም ፍሬን ጨመረ፤ የአክስሉ ጫፍ ግን እስከዚያ አልጠበቀም። 38 ፉርጎዎች ሐዲድ ሳቱ። ከእነዚህ 11ዱ አደገኛ ዕቃ የጫኑ ሲሆኑ፣ አምስቱ ቪኒል ክሎራይድ የተባለ ተቀጣጣይ ኬሚካል የሞሉ ቦቴዎች ነበሩ።

ስለ ባቡር ደህንነት ቁጥጥር ሲወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሕግ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፦ ባቡሩን "ቁም" የሚለውን ቁጥር የወሰነው ማነው? ባቡሩ በቆመ ቁጥር የሚከስረው ድርጅት ቁጥሩንም ራሱ የሚወስን ከሆነ፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሸሻል። ለዚህ ክፉ ሰው አያስፈልግም። የዘገየ ባቡር ኪሳራ ዛሬውኑ በሪፖርት ላይ ይታያል፤ ያልደረሰ አደጋ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ኩሽኔታውን ቀረብ ብለን እንየው። በፉርጎ አክስል ጫፍ ላይ የሚገባው ኩሽኔታ የታሸገ ነው። በውስጡ ወደ አንድ ጫፍ የሚቀጥኑ ሮለሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ግሪሱ ገና ሲገጣጠም ተሞልቶ ይዘጋል፤ በጉዞ መካከል ከፍቶ የሚያየው የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከሮለሩ ወይም ሮለሩ ከሚሮጥበት ቀለበት ላይ ትንሽ የብረት ቅርፊት ሲነሳ፣ ወይም ውሃ በማሸጊያው ሾልኮ ሲገባ ነው። ቅርፊቱ ግሪሱ ውስጥ ገብቶ እንደ አሸዋ ይፈጫል። ፍትጊያው ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ኋላም ያነደዋል፤ ግሪስ ያጣ ብረት ደግሞ ብረትን ይበላል። በመጨረሻ የአክስሉ ጫፍ ቀልቶ ይለሰልስና ፉርጎው እንደጫነው ይበጠሳል። የመጀመሪያው ጉዳት ረጅም ጊዜ ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን በደቂቃዎች ይጠናቀቃል።

በሐዲድ ዳር የሚተከለው ሙቀት አንባቢ መሣሪያ ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኖ ነው የሚገምተው። ባቡሩ ሲያልፍ ከኩሽኔታው ገላ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይለካል። በብርድ ምሽት ውስጡ እየነደደ ውጭው ሞቅ ከማለት ላያልፍ ይችላል። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም መሣሪያዎቹ የኩሽኔታውን እውነተኛ ሁኔታ አሳንሰው እንዳሳዩ ደምድሟል።

የባቡር ኩባንያው የኖርፎክ ሳውዘርን ደንብ እንዲህ ይል ነበር፦ ልዩነቱ ከ170 እስከ 200 ዲግሪ ፋረንሃይት ከሆነ (በሴልሺየስ ከ94 እስከ 111 ገደማ) ባቡሩ ቆሞ ይፈተሽ፤ ከ200 ከበለጠ ፉርጎው ከባቡሩ ተቀንሶ ይቅር፤ በአንድ አክስል ሁለት ጫፎች መካከል የ115 ዲግሪ ልዩነት ከታየም ይቁም። በዚህ መለኪያ 38 የጤነኛ ኩሽኔታ ንባብ ነው። 103ም ባቡሩን አላስቆመውም፤ 170 አልሞላማ። ሙቀቱ ግን በ17 ኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ቀጣዩ መሣሪያ 31 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር የተተከለው። 36 ኢንች ዲያሜትር ያለው የፉርጎ ጎማ በ31 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። እየነደደ ያለ ኩሽኔታ ያን ያህል ዙር ያለ ምርመራ እንዲዞር ተፈቀደለት ማለት ነው።

እንግዲህ 170፣ 200፣ 115፣ 31 ኪሎ ሜትር፦ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ከመንግሥት ደንብ የመጣ አልነበረም። የፌዴራሉ ደንብ መሣሪያው የግድ እንዲተከል፣ በየስንት ርቀቱ እንዲቆም፣ በስንት ዲግሪ ባቡር እንዲያስቆም አያዝም ነበር። ሁሉንም የወሰነው ኩባንያው ነው።

አሁን ሕግ ራሱ ወዳስቀመጠው ቁጥር እንሂድ፣ ልዩነቱ እንዲታይ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው መደበኛ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ 56 ተኩል ኢንች። የሚለካው ከሐዲዱ ራስ አናት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከአንዱ ውስጠኛ ጎን እስከ ሌላው ውስጠኛ ጎን ነው። የአሜሪካው የሐዲድ ደህንነት ደንብ መስመሮችን በእርከን ይከፍላል። በአንደኛ እርከን ስፋቱ እስከ 58 ኢንች (1473 ሚሊ ሜትር) ቢለጠጥ ይታለፋል፤ በምላሹ የጭነት ባቡር በሰዓት ከ10 ማይል፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ አይሮጥበትም። በአራተኛ እርከን ስፋቱ ከ57 ተኩል ኢንች (1460 ሚሊ ሜትር ገደማ) ማለፍ የለበትም፤ የጭነት ባቡር 97፣ የመንገደኛ ባቡር 129 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድበታል። ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎችም ቁጥር አላቸው፦ በ39 ጫማ ርዝመት፣ 12 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ በቀጥተኛ መስመር ላይ ለአንደኛ እርከን ቢያንስ 5 ጤነኛ አግዳሚ፣ ለአራተኛ 12 ያስፈልጋል።

የዚህ ደንብ ብልሃት እርከኑ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ተቆጣጣሪው ጉድለት ሲያገኝ ያለው ምርጫ "መስመሩን ዝጋ" እና "እለፍ" ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ "እለፍ" ይል ነበር። መስመር መዝጋት ከባድ ነው፤ ፋብሪካ ያስቆማል፣ ስልክ ያስጮኻል፣ አለቃ ያስቆጣል። እርከኑ ግን መሀል መንገድ ሰጠው፦ ስፋቱ ለአራተኛ አይበቃም፣ ለሁለተኛ ይበቃል፣ እንግዲያው እስኪጠገን ድረስ የጭነት ባቡሩ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ፍጥነቱ የተቀነሰበት ኩባንያ ጥገናውን ራሱ ያፋጥነዋል።

ልኬቱ ላይ የሚደረገውን ስህተትም ደንቡ አስቀድሞ አስቦበታል። ባዶ ሐዲድ ላይ መለኪያ ዘንግ አጋድሞ 57 ኢንች አንብቦ መሄድ ቀላል ነው። ባቡር ሲጫነው ግን አግዳሚው የበሰበሰ ከሆነ ሚስማሮቹ ይላላሉ፣ ሐዲዱም ወደ ውጭ ይገፋል፤ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይቆማል። ስለዚህ ደንቡ ጭነት ሲያርፍበት የሚንቀሳቀሰው መጠን ተለክቶ በባዶው ልኬት ላይ እንዲደመር ያዛል። ልምድ ያለው ሰው ይህን እንቅስቃሴ ባቡር ሳይጠብቅ ያገኘዋል፦ ከሐዲዱ ግርጌ አጠገብ፣ ሥሩ በተነጠፈው ብረት ላይ፣ ዝገቱ ተፍቆ የሚያበራ ቀጭን መስመር ይታያል። የዚያ መስመር ስፋት ሐዲዱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሸሽ ይናገራል። ሚስማሩም ከሐዲዱ ግርጌ ተለይቶ ክፍተት ያሳያል። እርጥበት የሚቋጥር ቦታ፣ የመታጠፊያ ውጫዊ ጎን፣ ጭቃ ከጠጠሩ መሀል የሚተፋበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ መታየት አለበት።

ድግግሞሹም ተወስኗል። አራተኛና አምስተኛ እርከን መስመር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ተትቶ ይታያል። ያቺ "አንድ ቀን ተትቶ" የምትል ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፤ ከሌለች ግን እሁድ ማታና ሰኞ ጠዋት አይቶ የሳምንቱን ግዴታ ጨረስኩ የሚል ይኖራል። ጥሩ ደንብ የሚታወቀው ሰው እንዴት እንደሚያመልጠው አስቀድሞ ሲያስብ ነው።

ቁጥሩ ቢኖርም የሚፈጽመው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንግሊዝ አገር ሃትፊልድ ላይ ታይቷል። ኦክቶበር 17፣ 2000 በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚበር የመንገደኛ ባቡር መታጠፊያ ላይ ሐዲዱ ሥሩ ተሰባበረ። አራት ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱ ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆኖ ተገኘ። ስንጥቁ ድንገተኛ አልነበረም፤ ጎማው የሐዲዱን ጥግ ደጋግሞ ሲጫነው የሚፈጠር የድካም ስንጥቅ ነው፣ አስቀድሞም ይታወቅ ነበር። መተኪያ ሐዲድም ታስቦለት ነበር። እስኪተካ ድረስ ፍጥነት የሚቀንስ ትእዛዝ ግን አልወጣም። ከዚያ በኋላ በመላው አገሪቱ ፍጥነት ተቀነሰ፣ የሐዲዱ ባለቤት የነበረው ሬይልትራክም አላገገመም፤ በ2002 ኔትወርክ ሬይል ቦታውን ወሰደ።

ፍሬን ላይ ልቆይ፤ የቁጥጥር ታሪክ ከፍሬን ታሪክ አይለይም።

የጭነት ባቡር ፍሬን በአየር ይሠራል። ከሎኮሞቲቩ ኮምፕሬሰር የሚወጣው አየር በቧንቧ በፉርጎዎቹ ሁሉ ሥር ያልፋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሬኑ ይይዛል። ቧንቧው ቢበጠስ ወይም ባቡሩ ለሁለት ቢለያይ አየሩ ይወጣል፣ ፍሬኑም በራሱ ይይዛል። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ያመጣው ይህ ሐሳብ ነው። ከመነሻ ጣቢያ ለሚወጣ ባቡር የአሜሪካው ደንብ የሚጠይቀው ፈተና ይህን ይመስላል፦ በኋለኛው ፉርጎ ላይ ያለው ግፊት ቢያንስ 75 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ፣ ፓውንድ በካሬ ኢንች) ይድረስ፣ ከፊተኛው ጋር ያለው ልዩነትም ከ15 አይብለጥ፤ ከዚያ 20 ፒኤስአይ ይቀነስ፤ እያንዳንዱ ፉርጎ ላይ ፍሬኑ መያዙን ሰው በዓይኑ ይይ፤ ቧንቧው በደቂቃ ከ5 ፒኤስአይ በላይ አየር አይተንፍስ። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ፉርጎ መካከል ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ነው፤ ብርድ ሲያደርቀው ይተነፍሳል። ባቡሩ በረዘመ ቁጥር መጋጠሚያው ይበዛል፣ በኋለኛው ጫፍ ያለው ግፊትም ይዳከማል።

በራሱ የሚይዘውን ፍሬን ሕግ ያደረገው ግን አደጋ ነው። ጁን 12፣ 1889 አየርላንድ አርማ አጠገብ ሕፃናት የበዙበት የሽርሽር ባቡር ዳገት ላይ ደከመ። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው ፊተኛውን አስቀድመው ሊወስዱ አሰቡ። ፍሬኑ ባቡሩ ሲለያይ በራሱ የሚይዝ ዓይነት አልነበረም፤ ተቆርጦ የቀረው ክፍል በኋላው ባለ አንድ የእጅ ፍሬንና ከጎማ ሥር በተደረደረ ድንጋይ ነበር የቆመው። ፊተኛው ክፍል ሲነሳ ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ነካው። ድንጋዩ ተፈጨ፣ ፉርጎዎቹ ቁልቁል ተለቀቁ፣ ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተላተሙ። 80 ሰዎች ሞቱ። በብሪታንያ የባቡር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ1840 ጀምሮ ነበር፤ መኮንኖቹም በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲገጠም ለዓመታት መክረዋል። ማዘዝ ግን አይችሉም ነበር። ከአርማ በኋላ ኦገስት 30 ላይ ሕጉ ወጣ፤ የመንገደኛ ባቡር ሁሉ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖረው አስገደደ። ለዓመታት ምክር ያላስገኘው በ79 ቀን ተገኘ።

በአሜሪካም ያው ነው። በ1893 የወጣው የደህንነት መሣሪያዎች ሕግ የአየር ፍሬንና በራሱ የሚቆለፍ ማያያዣ እንዲገጠም አስገደደ። በራሱ የሚቆለፈውን ማያያዣ ኢላይ ጃኒ በ1873 አስመዝግቦት ነበር። በመካከሉ ባሉት 20 ዓመታት ሠራተኛ በሁለት ፉርጎ መሀል ገብቶ ማያያዣውን በእጁ እየመራ ያስገባ ነበር፤ ጣቱን ያጣው፣ ነፍሱን ያጣው ብዙ ነው። መፍትሔው ሳይኖር ቀርቶ አልነበረም።

አርማ ከደረሰ ከ124 ዓመት በኋላ ያው ታሪክ በካናዳ ተደገመ። ጁላይ 5፣ 2013 ማታ ድፍድፍ ነዳጅ የጫኑ 72 ቦቴዎች ያሉት ባቡር ናንት የምትባል ቦታ ቁልቁለት ላይ ለሌሊቱ ቆመ። ነጂው አንድ ብቻ ነበር። ሰባት የእጅ ፍሬን አሰረ፤ አምስቱ የሎኮሞቲቮቹ ናቸው። ቀጥሎ ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ ባቡሩን ገፍቶ ሞከረ፤ ሙከራውን ያደረገው ግን የሎኮሞቲቮቹን የአየር ፍሬን ሳይለቅ ነው። ስለዚህ ባቡሩን የያዘው የእጅ ፍሬኑ ይሁን አየሩ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሌሊት መሪው ሎኮሞቲቭ ላይ እሳት ተነሳ፤ እሳት አጥፊዎች መጥተው ሞተሩን አጠፉት። ሞተር ሲጠፋ ኮምፕሬሰር ይቆማል፤ ኮምፕሬሰር ሲቆም አየሩ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። 11 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁል ተንደርድሮ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አልፎ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ መሀል 63 ቦቴዎች ተገለበጡ። 47 ሰዎች ሞቱ።

ምን ያህል የእጅ ፍሬን ያስፈልግ ነበር? የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከ17 እስከ 26 ብሎ አስልቷል፤ ቁጥሩ የሚለያየው ሰው በእጁ በሚያሳርፈው ጉልበት መጠን ነው። የኩባንያው የራሱ መመሪያ ለዚያ ርዝመት 9 ይል ነበር። ነጂው መመሪያውን ሙሉ በሙሉ ቢያከብር እንኳ ባቡሩ አይያዝም ነበር ማለት ነው። ለእኔ የዚህ አደጋ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የአገሪቱ ደንብ ያለው "በቂ የእጅ ፍሬን" ይታሰር፣ በቂነቱም በሙከራ ይረጋገጥ ነው፤ ቁጥሩን ለኩባንያው ተወው። ኩባንያው የደህንነት አያያዝ ሥርዓቱን በ2002 በወረቀት አዘጋጅቶ ነበር፤ የካናዳ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ግን እስከ 2010 ድረስ ኦዲት አላደረገውም። ቦርዱም ስለዚህ ሚኒስቴሩን በስሙ ጠርቶ ወቅሷል።

"የደህንነት አያያዝ ሥርዓት" የሚባለውን ነገር አልቃወምም። ኩባንያው አደጋውን ራሱ ለይቶ፣ ራሱ መዝኖ፣ ራሱ እንዲከላከል መጠየቅ ትክክል ነው፤ ከማንም በላይ መስመሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ይህ አሠራር ቁጥጥሩን አይቀንስም፤ ዓይነቱን ይለውጠዋል። ተቆጣጣሪው ሰነዱ መኖሩን ካየ በኋላ ወደ ቁልቁለቱ ወርዶ "እነዚህ 9 ፍሬኖች ይህን ክብደት እዚህ ይይዛሉ? የአየሩን ፍሬን ልቀቅና አሳየኝ" ማለት አለበት። ያን የሚል ሰው ሳይኖር ሰነዱ ብቻውን ምንም አይይዝም።

ስለ ድካም የሚደነገገው ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉድለት አለው። አሜሪካ በ1907 የባቡር ሠራተኛ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገች፤ በኋላ 12 ሰዓት ሆነ። ዛሬ በፈረቃዎች መካከል 10 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ በወር ከ276 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ግዴታ ነው። ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው። ግን የጭነት ባቡር ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በጥሪ ነው የሚሠራው፤ ዛሬ ንጋት ላይ፣ ነገ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠራል። 10 ሰዓት ዕረፍቱ በቀን ከዋለ እንቅልፍ አይሆንለትም። 12 ሰዓቱ አልቆ መስክ ላይ ቆሞ የሚወስደውን መኪና የሚጠብቅበትና ወደ ማረፊያው የሚጓዝበት ጊዜ ደግሞ ሥራም ዕረፍትም ተብሎ አይቆጠርም። ሰዓትን መቁጠር ከእንቅልፍ ይቀላል፤ ሕጉም የቀለለውን ቆጠረ።

ዲሴምበር 12፣ 1988 ለንደን ክላፋም መጋጠሚያ ላይ 35 ሰዎች የሞቱት በአንድ ሽቦ ምክንያት ነው። አዲስ ሽቦ የገጠመው ቴክኒሻን አሮጌውን አንዱን ጫፍ ሳይነቅል፣ የተነቀለውንም ጫፍ ቆርጦ ሳይጠቀልል ወደ ጎን አጠፈው። በኋላ አጠገቡ በተሠራ ሥራ ተነቃነቀና ወደ ቦታው ተመልሶ ነካ፤ ሲግናሉ መቅላት ሲገባው አልቀላም። ሰውየው በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በገለልተኛ ሰው የሚደረግ የሽቦ ቆጠራ፣ ማለትም በሥዕሉ ላይ ያሉትን በሳጥኑ ውስጥ ካሉት ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር፣ ትርፉን ሽቦ ያጋልጠው ነበር። አልተደረገም።

ባቡሩን ሰው ቢሳሳት እንኳ የሚያስቆም ሥርዓት አሜሪካ ውስጥ ስንት ዓመት እንደፈጀ መናገር ያሳዝናል። ባቡሩ ቀይ ሊያልፍ ወይም መታጠፊያ ላይ ሊፈጥን ሲል ኮምፒዩተር ፍሬን የሚይዝበት ሥርዓት ነው። የአሜሪካው መርማሪ ቦርድ ይህን የመሰለ ሥርዓት መጠየቅ የጀመረው በ1969 ዳሪየን፣ ኮኔቲከት ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ከተጋጩ በኋላ ነው። ግዴታ የሆነው በ2008 ነው፤ ሴፕቴምበር 12 ካሊፎርኒያ ቻትስዎርዝ ላይ የመንገደኛ ባቡር ነጂ በስልኩ መልእክት ሲጻጻፍ ቀይ ሲግናል አልፎ 25 ሰዎች ከሞቱ በኋላ። ሕጉ የተፈረመው በ34ኛው ቀን ነው። የጊዜ ገደቡ 2015 መጨረሻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሜይ 12 ፊላዴልፊያ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሚፈቅድ መታጠፊያ 170 ኪሎ ሜትር የበረረ ባቡር 8 ሰው ገደለ፤ ሥርዓቱ በዚያ በኩል ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ገደቡ ተራዘመ። በ2017 ዲሴምበር ዋሽንግተን ግዛት ዱፖንት ላይ በ48 ኪሎ ሜትር መታጠፊያ 125 ያህል የሄደ ባቡር 3 ሰው ገደለ። ሥርዓቱ በሚያስፈልግበት መስመር ሁሉ ተገጥሞ ያለቀው ዲሴምበር 2020 ነው። የሬዲዮ ሞገድ፣ የኩባንያዎች መሣሪያ እርስ በርስ መናበብ፦ የቴክኒክ ችግሩ እውነት ነበር። ግን ችግሩን መፍታት የተጀመረው ቀን ሲቆረጥ ነው።

ቁጥር የሚያወጣው፣ የሚያስከብረውና አደጋውን የሚመረምረው አካል አንድ መሆን የለበትም። መርማሪ ተቆጣጣሪውንም መውቀስ መቻል አለበት። የአሜሪካው መርማሪ ቦርድ በ1967 ሲቋቋም ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተለየው በ1975 ነው። ብሪታንያ የተለየ የባቡር አደጋ መርማሪ ሥራ ያስጀመረችው በ2005 ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ የህንድ አሠራር ነው፦ የባቡር ደህንነት ኮሚሽኑ የሚገኘው በባቡር ሚኒስቴሩ ሥር ሳይሆን በሲቪል አቪዬሽን ሚኒስቴር ሥር ነው። አዲስ መስመር መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ኮሚሽነሩ አይቶ መፍቀድ አለበት። ይህ ብቻውን አደጋ አያስቀርም፣ ህንድም ከባድ አደጋዎች አሉባት፤ ፈቃጁ ግን ለባቡሩ ገቢ የማይጠየቅ ሰው ነው።

ጉልበትም ያስፈልጋል። የአሜሪካ የፌዴራል ባቡር አስተዳደር ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ መስመር ያሉት ተቆጣጣሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2013 እንዳለው በአካል ሊያዩት የሚችሉት ከሥርዓቱ 1 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ዋና ሥራ የኩባንያው ፍተሻ እውነት መሆኑን መፈተሽ ነው። ጉድለት የማይታይበት መዝገብ ሲያገኝ ደስ ሊለው አይገባም። በየሳምንቱ "ጉድለት የለም" የሚል የ80 ኪሎ ሜትር መስመር መዝገብ ካለ፣ መዝገቡን ይዞ መለኪያ ዘንግ አንስቶ መስመሩ ላይ መውረድ አለበት። የፍሬን ፈተናው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ሲቀነስ፣ አንድ ሰው ያን ሁሉ ፉርጎ በዚያ ጊዜ በእግሩ ሊያዳርስ ይችላል? ይህን ሒሳብ ወረቀቱ ላይ ሆኖ መሥራት ይቻላል። ሠራተኛው የአደጋ ጥርጣሬውን ሳይፈራ የሚናገርበት መንገድም ይኑር፤ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ተቀብሎ ስም እየሰወረ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት አለ፣ ኩባንያው ማን እንደተናገረ አያውቅም።

ወደ ኢስት ፓለስታይን ልመለስ። ከአደጋው ሦስት ቀን በኋላ አምስቱ የቪኒል ክሎራይድ ቦቴዎች ይፈነዳሉ ተብሎ ተቀድደው ኬሚካሉ ተቃጠለ፤ ጥቁር ጭስ ከተማዋን ሸፈነ። መርማሪው ቦርድ በጁን 2024 ያ ማቃጠል አስፈላጊ እንዳልነበረ ደመደመ፤ ቦቴዎቹ እየቀዘቀዙ ነበር። ውሳኔውን የሰጡት ሰዎች ይህን የሚያሳየው መረጃ ሁሉ አልደረሳቸውም። ለእኔ ይህም ያው የቁጥር ጥያቄ ነው፦ ሙቀቱን ማን ለካ፣ ለማን ነገረ?

የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ማኅበር በማርች 2023 አባላቱ በዋና ዋና መስመሮች ላይ ሙቀት አንባቢዎችን በአማካይ በየ15 ማይሉ፣ 24 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለመትከልና ከ170 ዲግሪ በላይ ሲነበብ ባቡር ለማስቆም መስማማታቸውን አስታወቀ። በሴኔቱ የቀረበው የባቡር ደህንነት ረቂቅ ሕግ መሣሪያዎቹን በግዴታ ሊያስገባ ነበር፤ ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው የሥራ ዘመኑ በ2025 መጀመሪያ አበቃ። ስምምነቱ ከነበረው ይሻላል። ግን 24 ኪሎ ሜትር አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ አንዱ ቦታ 12 ሌላው 36 ሆኖም ይሞላል። 170ም ቢሆን 103 ያነበበውን ኩሽኔታ ዛሬም ያሳልፈዋል።